ገጽ ስልሳ አንድ

ውዴነሽ፣ ደርሶኛል የላክሽው ልብ ወለድ፣
ጆንያ ውስጥ ታጭቆ፣ ታስሮ በገመድ።
የሞላሌው መኪና ረዳት ሲያቀብለኝ
«ጡብ ነው ወይ ጋሼ?» ብሎ ጠየቀኝ።
አራት መቶ አስር ገጽ፤ ሁለቴ አነበብኩት፣
መጀመሪያ በጉጉት፣
ኋላ በእርሳስ፣ ቀስ ብዬ፣
የደብረ ብርሃንን ብርድ በጋቢዬ
ተከልዬ።

አንቺ የጠየቅሽኝ የነጥብ፣ የፊደል፤
እሱ ይደርሳል። ምሰሶ ሲዘነብል
ማን ግድግዳ ይቀባል?

የጋሻነህ አባት ምዕራፍ ሁለት ሞቶ
ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ጠላ ይጠጣል፣ ድግስ ቤት ገብቶ።
ሙሽሪት በጥር ተዳረች፣ በሚያዝያ ታጨች፤
በቅሎዋ ከሞላሌ ግራጫ ወጥታ
መሐል ሜዳ ዳማ ሆና ገባች።
ይኼ ቀላል ነው።

ከባዱ፣
ውሉ የጠፋበት ልቃቂት መሆኑ ነው ጉዱ።
ሁለት መቶ ገጽ ጋሻነህ ይፎክራል፣
ጎራዴ ይስላል፣ ደግሞ ይፎክራል፤
እኔ ግን ልቤ የቀረው
ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ነው፤
ደጃፏ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ከምትፈትለው ሴት ጋ።
ስም የላት፣ መልክ የላት። እሱ ሲያልፍ ቀና አለችና
«ወንዙ ሞልቷል» አለችው፤ እንደገና
ወደ እንዝርቷ።
አራት መስመር ናት፣ ጠቅላላ ሕይወቷ።

«ጋሻነህን ቀንሺው» ብዬ ጻፍኩልሽ።
«ምዕራፍ ሦስት፣ የሰመጠው ልጅ፣
ሃያ ገጽ ለቅሶ በዛ። ይውጣ።»

መልስሽ በሳምንቱ መጣ፣
ከደብተር ተገንጥሎ፣ በቁጣ፦
«ጋሼ ምንተስኖት፣ ሌላው ሁሉ ፈጠራ ነው።
ምዕራፍ ሦስት ወንድሜ ነው።»

ላጲሴን ፈለግኩ፣ ከጠረጴዛ ሥር።
እውነት ስለሆነ ብቻ ገጽ እንደማይቆም አውቃለሁ፣
ሠላሳ ዓመት ለተማሪ ይህንኑ ብያለሁ፤
ለእህት ግን እንዴት ይነገራል?
ሁለት ሌሊት መብራቴ ሲበራ አደረ።

በሦስተኛው እንዲህ አልኩሽ፦
«ለቅሶውን አትጣይው። ለፈታይዋ ስጪያት።
ልጁ የሷ ይሁን። ግን አታስለቅሻት።
ትፍተል። መንገደኛ ሲያልፍ ‹ወንዙ ሞልቷል› ትበል፤
እኛ እንወቅላት።»

ዝም አልሽ።
ክረምቱን ሙሉ መናኸሪያ ተመላለስኩ፤
ረዳቱ ገና ከሩቅ ሲያየኝ
በእጁ ምልክት «የለም» ይለኛል።
በጥቅምት መጣ፤ ቀሎ፣ ሁለት መቶ ገጽ እንኳ አይሞላም።
ስም ሰጥተሻታል።
የማን ስም እንደሆነ አልጠይቅሽም።
ገጽ አንድ ላይ ጀምራ ትፈትላለች።
የሙሽሪት በቅሎ ግን አሁንም
ግራጫ ወጥታ ዳማ ትገባለች።

እርሳሴን ቀረጽኩ።