ተከፍሏል

በዞልዶ ሸለቆ፣ ቴምብር ሳይፈጠር፣
ደብዳቤ ያደልኩት፣ ከበር እስከ በር፣
እኔ ነበርኩ፣ ዙዋኔ፤ በበቅሎም በእግሬም።
የዚያን ዘመን ሕግ ማን ያስታውሳል ዛሬም?
የጻፈ አይከፍልም፤ የሚከፍል ተቀባይ።
ስንት ድሀ አይቻለሁ፣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ፣
በገዛ ስሙ ላይ ዓይኑን እያቆየ
"መልሰው" ብሎኝ ከስሙ የተለየ።

ኦርሶላም እንዲያው ናት። ምስማር ቀጥቃጭ ባሏ
ካረፈ በኋላ በረደ ከሰሏ፤
አንድ ልጇ ቦርቶሎ፣ ከትሪየስቴ ወደብ፣
ሦስት ጊዜ ጻፈ፤ ሦስቴም ጠፋ ገንዘብ።
ትቀበለኝና፣ በመዳፏ መዝና፣
"ከበድ ይላል" ትላለች፣ "እንግዲያው ነው ደኅና፤
ይህን ሁሉ አይጽፍም የታመመ ሰው እጅ።"
መልሳ ትሰጠኛለች፤ ትቆማለች ከደጅ፣
በቅሎዬ እስክትሰወር።

በአራተኛው ግን፣ ከወረቀቱ ማዕዘን፣
በጥቁር ቀለም አየሁ አንድ ቃል ብቻውን፦
ፍራንኮ።
"ሳንቲምሽን ያዢ" አልኳት፣ "ተከፍሏል አስቀድሞ።"
"ማን ከፈለ?" አለች። ጣቴ ቃሉ ላይ ቆሞ
"ፍራንኮ" ብዬ አነበብኩ።
ፊደል አታውቅም እሷ፤ የሰው ስም መሰላት።
"የየት መንደር ሰው ነው? እናቱስ ማን ናት?"

ስም አይደለም፣ ልላት ነበር፤ ላኪ ከኪሱ ቆጥሮ
ሲከፍል ነው የሚጻፈው፣ ተቀባይ እንዳይጠየቅ ዞሮ፤
"ነጻ" ማለት ነው፣ በቃ።
እሷ ግን ተንበርክካለች፣ ስሙን እየጠራች፣
ዘሩን፣ ቤቱን፣ ሌማቱን እየመረቀች።
ምርቃት እንዴት ይቋረጣል?
ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ በየክረምቱ ፍራንኮ መጣ።
በየክረምቱም አንድ ጥንድ የሱፍ ካልሲ
"ለእሱ አድርስልኝ" ብላ ታስጨብጠኛለች።
ለማን ላድርስ? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
በረዶው እስከ ጉልበት ነበር፤
አጠለቅኋቸው።

ኋላ ቴምብር መጣ፣ ባለ ሁለት ራስ ንስር።
ቃሉ ከማዕዘኑ ጠፋ።
"ፍራንኮስ?" አለችኝ። መሬት መሬት አየሁ።
ጥቁር ሻሽ አሰረች፤ ለነፍሱ ቅዳሴ አስቀደሰች።
ቄሱ የአባቱን ስም ቢጠይቃት
"የሚከፍል" አለች፣ ሳታመነታ።
እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር፣ በሟቹ ካልሲ።

ቦርቶሎን ከዓመታት በኋላ ወደቡ ላይ አገኘሁት።
ለእያንዳንዷ ፍራንኮ ሁለት ቀን እራት አልበላም ነበር።
የእናቱን ጸሎት አልነገርኩትም፤
የእሱን ጦም ለእሷ አልነገርኳት።

ዛሬ የፖስታ ቤቱ ልጅ፣ ያ ጢም ያላወጣው፣
አሮጌ ደብዳቤ ይዞ "ይህ ቃል ምንድን ነው?" ሲለኝ
ላኪው ተከፍሏል ማለት ነው፣ እለዋለሁ፤
ግማሹ ወደብ ላይ፣ ግማሹ ከሰሙ ሥር።
ልጁ አይገባውም። ይጽፋል ብቻ።
ካልሲው ግን ያሞቃል፣ እስካሁን።