ውሃ ልክ

«ሣጥን አትበሉብኝ» አለች ወይዘሮ እንጉዳይ፣
«ቤቴ ሳይመረቅ፣ የሚቀበር አለ ወይ?»
ጉድጓድ ብንለውም እሱም አልጣማት፤
«ኪስ» ብለን ጠራነው፣ ያኔ ደስ አላት።
የረዳቴን ስም ጠይቃ «አንሙት» ሲላት ደግሞ
«እንዲህ ነው እንጂ!» አለች፣ ፊቷ በሳቅ ታጥሞ።

አባይ ማዶ ነው ቤቱ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣
ብሎኬቱ እርቃኑን ቆሞ፣ ልስኑን ለነገ ጥሎ።
ሚያዝያ ነበረ፤ ሙቀቱ ከጣና ላይ ተነስቶ
እንደ እርጥብ ጋቢ የሚለብሱት፣ ማውለቂያው ጠፍቶ።

ጨርቅ ነጋዴ ናት። አራት ክፍል፣ አራት ኪስ አዘዘች፤
ኤሲው ግን አንድም የለም። «ዶላሩ ይርከስ» አለች፣
«ግድግዳው ይጠብቅ እንጂ፣ በኋላ አላስቆፍርም፣
ቀለም የጠጣ ግድግዳዬን ለመሮ አላስደፍርም።»

እኔና አንሙት ገባን። አንሙት የመራዊ ልጅ፣
አፉ ቁጥብ የሆነ፣ የማይቦዝን እጅ።
ብሎኬቱን ፈልፍለን ነጩን ፕላስቲክ ከተትን፣
በላይ የመዳቡን ቱቦ፣ በጎን ገመዱን ጎተትን፣
ከታች የውሃ መውጫ። እዚህ ላይ ቆም አልኩ፤
ዕውቀቴን ልዘራ፣ እንደ መምህር ጎረነንኩ።

«ኤሲ ያልበዋል፤ ላቡ መውጫ ያጣ ለት
ሻጋታ ነው ትርፉ፣ ቀለም መላጥ፣ ሐሜት።
በሜትር ሁለት ሳንቲም፣ ወደ መውጫው ዘመም፤
ዓይን ይሸነግልሃል፣ ውሃ ግን አይሸነገልም።
አባይስ ከሐይቁ ወጥቶ ሱዳን የደረሰ
ዝቅታ አግኝቶ እንጂ፣ በጉልበት ነው የፈሰሰ?»

መለኪያዬ ቢጫ ውሃ ልክ ነበረች፣ ስንዝር የማትሞላ፣
ጥጓ በሲሚንቶ የተበላ።
አራተኛው ኪስ ላይ፣ ሲመሽ፣ ጠፋች።

ጆንያው ተገለበጠ። አሸዋው ተበጠረ።
ለሳኙ «አላየሁም» አለ።
ዓይኔ ዞሮ ዞሮ አንሙት ላይ አረፈ።
«ልክ አይደለህም» አልኩት።
ሁለት ቃል ብቻ።
እሱ አልማለም።
ከበርሜሉ ውሃ ጨልፎ እጁን ታጠበ፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣
የሳምንት ደሞዙን ሳይጠይቅ
ሸሚዙን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ መናኸሪያው ሄደ።

በማግስቱ ልስን መጣ፤ ከልስኑ ጂፕሰም፣ ከጂፕሰሙ ቀለም፤
ግድግዳው ለስልሶ ዋለ፣ ኪስ ያለው የሚመስል የለም።

ስድስት ዓመት። ዶላሩ አልረከሰም፤ እንጉዳይ ግን ከበረች፤
ሁለት ኤሲ ገዛች፣ ሦስተኛ ጨመረች፣
ዘንድሮ «ለእንግዳ ክፍሉ» ብላ ለአራተኛው ጠራችኝ።

በጣቴ ግድግዳውን እያንኳኳሁ ባዶ ድምፁን ፈለግሁ፣
ቀለሙን ዙሪያውን ሰንጥቄ ክዳኑን አነሳሁ።

አቧራ። የሸረሪት ድር። የደረቀ ሲሚንቶ ቅንጣት።
ከዚያ፣ ጥግ ላይ፣ ቢጫ ነገር፦
እኔው ራሴ ዘመም ማለቱን ላይ ብዬ ያስቀመጥኳት፣
እኔው ራሴ፣ ሲመሽ፣ ክዳን የገጠምኩባት።

ወዲያው አላወጣኋትም። ባትሪ አበራሁ።
አረፋዋ ስድስት ዓመት በጨለማ አልተኛችም፤
ከመሃል መስመሯ አለፍ ብላ፣ ወደ ከፍታው ተጠግታ፣
በሜትር ሁለት ሳንቲም፣
ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።
ሥራዬ ልክ ነበረ።
ልኬም እዚያው ነበረ።

«ምን አገኘህ?» አለች እንጉዳይ ከበሩ ላይ።
«ከኪሴ የጠፋ ነገር» አልኳት፣ «ከኪስሽ።»

መራዊ ያለ አንድ በያጅ ቁጥሩን ሰጠኝ፦
«ቡሬ ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ፤ ሁለት ወልዷል።»
እስካሁን አልደወልኩም።
ምን ልበል? ውሃ ልኳ ተገኘች?
ከእሱ እንደሁ አልጠፋችበትም።

ኤሲውን ሰቀልኩ። እንጉዳይ ሪሞቱን ነካች።
ክፍሉ ቀዘቀዘ፤ እኔን ግን አላበኝ።
ከውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ከፓፓያዋ ግንድ ላይ
ጠብ አለ።
ቆየት ብሎ፣ ጠብ።
መንገዱን ያገኘ ውሃ።