ከሰባተኛው ጠጠር ወዲያ

አባቴን ስንቀብር «የማን ዘር ነው?» ቢሉኝ፣
ከአያቴ ወዲያ ስም ጠፍቶ አሳፈረኝ።
ዐርባው እንደ ወጣ ወረድሁ ቢስቲማ፣
ደብተሬን ሸክፌ ካዋቂ ልሰማ።

አያ ሽበሺ ነው፣ ዐይኑን ሞራ ይዞት፣
ከሾላው ሥር አለ፣ ልጁ አስቀምጦት።
ስም በጠራ ቁጥር ጠጠር ያኖራል፤
ጠጠር በወደቀ አንድ ሙት ይነሣል።

«ይቺ ትንሿ ያንተ። ይኸ አባትህ ፈንታው።
ፈንታውን ይማም ነው፣ ይማምን አራጋው፤
አራጋውን አደም፣ አደምን ወልደ ኪሮስ—»
(እዚህ ላይ ሣቅ አለ፣ ሰጋጅ ከቀዳሽ ሲደርስ)
«ወልደ ኪሮስን ዳምጤ። ዋናው፣ አቅኚያችን።
ሰባት። እዚያ ላይ ነው የሚቆም ጣታችን።

«ከደላንታ ወርዶ፣ ከወንድሙ ተጣልቶ፣
ዘሩን በበቅሎ ላይ፣ ምሣሩን አንግቶ፣
ጦይባን አስከትሎ ሚሌን ተሻገረ፤
ይኸ ሁሉ ዱር ነው፣ እሱ መነጠረ።
ወባ እያንዘፈዘፈው፣ አውሬ እያመሰው፣
እሳት ለቀቀና፣ ጢሱ እስከሚደርሰው
የኔ ነው አለና ወሰን አሰመረ፤
‹የዳምጤ ጢስ› የሚል ስም ይኸው ቀረ።»

እጄ እስኪዝል ጻፍሁ። ኋላም ጠየቅሁት፤
«ከዳምጤ በፊትስ እነማን ኖሩበት?»
«ማንም። ዱር ነበረ። ዝንጀሮ ነበረ።»
ከጓሮ በኩል ግን አንድ ሣቅ ተሻገረ።

ምራቱ ዘሀራ ናት፣ ማሽላ እያበጠረች፤
«ወፍጮይቱንስ ታዲያ ዝንጀሮ ወቀረች?»

ወስዳ አሳየችኝ። ከበረቱ ኋላ
ጥቁር ደንጊያ ወፍጮ፣ ሆዷን ዝናብ ሞላ፤
ዶሮዎች ይጠጣሉ።

«ዳምጤ በመጀመሪያው ቀን ሲያርስ
ማረሻው መታት። ያኔም እንዲህ ጎድጉዳ ነበር።
ጦይባ አጥባ ፈጨችባት። ከአማት ለምራት
ስትወርድ እኔ ዘንድ ደረሰች። ወንዶቹ
ይኸን አይቆጥሩም።»

እጄን ሰደድሁባት። ጉድጓዷ ለስላሳ።
ስንት ጉልበት አልቆ፣ ስንት ክንድ ዝሎ ይሆን
አንድ ደንጊያ እንዲህ የሚሳሳ?
በምን ቋንቋ ይሆን ልጇን የተቆጣች፣
ጢሱ ሲመጣባት በየት በኩል ወጣች?

ስመለስ ሽበሺ ዝም ብሎ ኖሯል።
ስምንተኛ ጠጠር ከመሬት አንሥቷል፣
በመዳፉ ይመዝነዋል።
ስም የለው ሊጠራው፣ አይችል ሊጥለው።

ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋ።
ስሄድ እንደ ያዘው ነው።