የኅዳግ ቁጥር

ከአንዲስ የወረደ የሐምሌ ነፋስ
የሃንጋሩን ቆርቆሮ ሲያነሣ ሲመልስ፣
ኔሊዳ ፑግ ቆማ አፍንጫዋን ስታብስ
ሁለት መመሪያ ገልጣ ታስተያያለች፤
ጣቷን በየዐምዱ ቁልቁል ትነዳለች።

እኔ የበግ ሐኪም፣ ሳጥን ያቀፍኩኝ፣
በበረዶ መሐል ክትባት የያዝኩኝ፣
ከንጋት ጀምሬ ደጇ ላይ የቆምኩኝ፤
ከተራራው ማዶ ሦስት ሺህ በግ አለ፤
ኃላፊው በስልክ "ቶሎ ድረስ" አለ።

አንደኛው መጽሐፍ የአርባ ስድስት ነው፣
ሰማያዊ ልባስ፣ ሥዕል ያደመቀው፤
ባርኔጣ የደፋ ጎልማሳ ይስቃል፣
ሚስቱ ትስቃለች፣ ውሻው እንኳ ይስቃል፤
"በደቂቃ" ይላል፣
"አራት መቶ ሃምሳ ጫማ ሽቅብ ይወጣል።"

ሁለተኛው ደግሞ የሃምሳ አንድ፣ ግራጫ፣
ሥዕል የለው፣ ሣቅ የለው፣ ምንም ማጌጫ፤
ያው ሞተር፣ ያው ክንፍ፣ ያው ፕሮፔለር፣ ያው ጭነት፣
"ሦስት መቶ ሰማንያ" ይላል ያለ ሐፍረት፤
ነዳጁን በሰዓት ጨምሮ ሁለት ሊትር፣
የመንደርደሪያውን ዘጠና ሜትር።

ሰባው ጫማ የት ገባ? አልኩኝ በልቤ፣
ጫማ ነውና አለቀ ይሆን? አልኩ አስቤ።

ዶን ኤልቪዮ ወጣ ከሞተሩ ሥር፣
ሜካኒክ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብዙም አይናገር።
እጁ በዘይት ጠቁሮ እስከ ክርኑ ድረስ፣
"ይኼ ሞተር" አለ "ስልሳ አምስት ፈረስ
ነበረ ሲወለድ። አሁን ማን ይቆጥራል?
ስንቱ አርጅቷል ከውስጡ፣ ስንቱስ ያነክሳል?
ሁለቱን እኔው አውቃለሁ፣ ሞተዋል፤
ሦስተኛው ሲሊንደር ቆሞ ያንቀላፋል።
የፊተኛውን መጽሐፍ የጻፈው ሻጭ ነው፣
የኋለኛውን ግን ከቀብር የተመለሰ ነው።"

ኔሊዳ ዝም አለች። እርሳሷን ላሰች።
"ክብደትህ ስንት ነው?" ድንገት ጠየቀች።
"ሰማንያ አራት" አልኩ። ፊቴ አልቀላም።
ከሠርጌ ወዲህ ግን ተመዝኜ አላውቅም።
አየችኝ። ሆዴን አየች። የሱፍ ሚዛን አለ
ከሃንጋሩ ጥግ፣ ለበግ ጠጉር የተተከለ፤
ከነካፖርቴ፣ እንደ ሱፍ ከረጢት፣
ሰቀለኝ ኤልቪዮ፣ ሳይራራ በጥቂት።
ዘጠና ሰባት።
ዐሥራ ሦስት ኪሎ ዋሽቻለሁ ማለት።
ሻጩን ታዘብኩት ስል፣ ለካስ እኔም
የአርባ ስድስት እትም ነኝ፤ ከፋብሪካው አልሻልም።

ብቻዋን ተነሣች። በእኔ ወንበር ላይ
ዘጠና ሰባት ኪሎ አሸዋ አስራ፣ ወደ ሰማይ።
ሪህ የያዘው ሽማግሌ ደረጃ እንደሚወጣ
ሞተሩ አቃሰተ፣ ነዳጅ እየጠጣ።
ስትመለስ ጆሮዋ በብርድ ቀልቷል፤
"ሦስት መቶ ዐሥር" አለች። ሌላ ምን ይባላል?

በግራጫው ኅዳግ በእርሳስ ልትጽፍ ስትል
ሌላ ቁጥር አገኘች፣ ሊጠፋ ምንም ያህል፤
"ሦስት መቶ አርባ አምስት። ነሐሴ፣ ስልሳ ሦስት።"
ፊርማው አንድ ፊደል፣ የብርድ እጅ ጽሕፈት።
"ማነው?" አልኩ። ኤልቪዮ ትከሻውን ሰበቀ።
ከታተመው ሁሉ ልቤ እሱን አጸደቀ።
ኔሊዳ የራሷን ከሥሩ አሰፈረች፣
ቀኑን ጨመረችና፣
ሁለት ጣት ያህል ከታች ባዶ ቦታ ተወች።
"በል" አለችኝ ሳታየኝ፣ "መኪና ፈልግና..."

ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ በጠጠር ጎዳና፣
በረዶው ጭኔ ላይ ሲንጠባጠብ፣ በመኪና፣
ሲመሽ ደረስኩ። ኃላፊው ፋኖስ አንጠልጥሎ
"ሦስት ሺህ ናቸው" አለኝ፣ በእናቱ ምሎ።
"እንቁጠር" አልኩት። ተናደደ። ቆጠርን።
እስከ እኩለ ሌሊት አንድ በአንድ አሳለፍን።
ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዐሥራ አንድ።

መዝገቤ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት፣ ከነቀኑ፣ በእርሳስ።
ከሥሩም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣
ዘጠና ሰባት።