ጨው የለመደ መስታወት

አልጋ ልግዛ ብሎ ኮምቦልቻ ወርዶ፣
የተዘጋ ሆቴል ዕቃው ሲሸጥ ማልዶ፣
ባሕር ጭኖ መጣ ይመር በአይሱዙ፤
የመስታወት ሣጥን፣ ጨው ያነጣው ጠርዙ።

«ዓሦቹስ?» ብለው፣ «ቀደሙን» አለኝ፤
የጅቡቲ አሸዋ ከውስጡ ሸተተኝ።

በአቼቶ ፈተግን፣ በሎሚ ልጣጭ፤
ጥፍሬ ሥር ቀረ ያ ደረቅ ጨው፣ ነጭ።
«የባሕር ድንጋይ ካለ ውሃው አይለዝብም»
ብሎ ጣለው ይመር። ልጁ ግን አልጣለችም፤
አንዷን ስባሪ ቦርሳዋ ውስጥ አየሁ።

ሰፈራችን ስሙ ቧንቧ ውሃ ነው፤
ቧንቧውን ሐሙስ ሌት ብቻ ነው የሚያስለው።
ሞላን፣ ደፋን።
ሞላን፣ ደፋን።
ከድጃ በአጥሩ ቀዳዳ አይታን
«ለዓሣ ነው?» አለች ጀሪካኗን ይዛ፤
መልስ አጣሁ። ግቢው በጨው ውሃ ወዛ።
የደፋንበት ጥግ ጎመኑ ጠወለገ፣
ይመር ስለ ጎመን ሳያነሳ ባልዲ ፈለገ።

ሚዛናችን ዘቢባ ናት፤ ጣቷን ነክራ ትልሳለች፣
«ገና ባሕር ነው» ትላለች።
በሦስተኛው ሐሙስ ፊቷን ሳታጨማድድ
«አሁን ውሃ ነው» አለች።

ከሐይቅ አምስት ቆሮሶ በጀሪካን መጡ፤
አንዱ መንገድ ሞተ፣ አራቱ አልደነገጡ።

ፍራሻችን ዛሬም መሬት ላይ ነው ያለው፤
ተኝቼ ነው ዓሣ ሽቅብ የማየው።

ሙጫው በለቀቀው በአንዱ ጥግ፣ ጠዋት ጠዋት
ነጭ ጨው ያወጣል፣ ብወለውልለት።
ይመር ሳይነቃ በአውራ ጣቴ እጠርጋለሁ፤
እልሰዋለሁ።
እኔ ባሕር አላየሁም።