የግራ ተመላላሽ

ይህ መዝገብ የኔ ነው፤ ከቀፊራ የገዛሁት፣
ሽፋኑን በላስቲክ ለብጬ ያቆየሁት።
ማልያ ሲወጣ፣ ማልያ ሲመለስ፣
ስም ከቁጥር ጋራ የጻፍኩበት፣ እስክሪብቶ እስኪያልቅ ድረስ።

እኔ ዕቃ ጠባቂ ነኝ፤ ተጫዋች አልመርጥም፤
ተመርጦ የመጣ ግን ከኔ ፊት አያመልጥም።
ሦስት ቁጥርን ይዤ በሩ ላይ እጠብቃለሁ፤
ትከሻውን አይቼ ልኩን አውቃለሁ።
ልኩን እንጂ ልቡን… አቦ፣ ተዉኝ፤
መራጩ ኮሚቴ ነው፤ እኔን አትጠይቁኝ።

ኮሚቴው ሐሙስ ሐሙስ ከንም ዛፉ ሥር ይቀመጣል፤
አንዱ ቁመት ይላል፣ አንዱ ፍጥነት፣ አንዱ ሶዳ ያዛል።
ከተፍ ይላል አንድ ስም፣ ጭብጨባው ቀለጠ፤
ዓመት ሲሞላ ግን አይታወቅም ማን እንደመረጠ።

አጥቂ ላይ ዕድላችን ከድቶን አያውቅም፤
የሳቢያን ልጅ አንዴ ኳስ ከያዘ አይለቅም።
በረኛም አላጣን፤ መሐሉም ይሞላል፤
የግራ ጠርዛችን ግን ደቻቱን ይመስላል፦
በጋውን ደረቅ አሸዋ፣ ያሻው የሚያቋርጠው፣
ፍየል፣ ባጃጅ፣ የእንግዳ ቡድን አጥቂ፣ ማንም የማይመልሰው።

ገጽ አራት።
ጉሌድ ዋበሪ። በፍጥነቱ ተመረጠ፤
ከባቡር ጋር ሮጦ፣ አሉ፣ ባቡሩን በለጠ።
ሲሄድ አየነው። ኳሱን ይዞ፣ መስመሩን ይዞ፣ አቧራውን ይዞ ሄደ፤
ሲመለስ ያየው የለም። በሌለበት ስንት ጎል ተወለደ!
አሁን ነው ተመላላሽ የሆነው፦ ደወሌና ድሬ፣
በሳምንት ሁለቴ፣ ሽቶ ጭኖ። ሰላም ይለኛል እስከ ዛሬ።

ገጽ ዘጠኝ።
ኤልያብ ንጋቱ። ከአዲስ አበባ፣ በብዙ ገንዘብ፤
ሻንጣው ሲወርድ ከዚራ ወጥቶ ነበር ሕዝብ።
በሦስተኛው ጨዋታ ጉልበቱ ቋ አለ፤
ንም ዛፍ ሥር የቆመ ሁሉ ሰማሁ ብሎ ማለ።
ሐኪሙ የድል ጮራ ካርዱ ላይ «ተመላላሽ» ብሎ ጻፈለት፤
ኤልያብ ራሱ ነው ያሳየኝ፤ እንባችን እስኪመጣ ሳቅንበት።

ገጽ አሥራ አንድ።
ኢብሳ ሙሜ። አጎቱ ኮሚቴ ውስጥ ነበር።
ሌላ የምጽፈው የለም።

ገጽ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፦
አንዱ ጭንቅላቱን ለኳስ የሚሰስት፣
አንዱ ሲያልፉት ቆሞ ዳኛ የሚጠራ፣
አንዱ ግራ እግር አለው ተብሎ መጥቶ፣ ራሱ የገባው ግራ።

መዝገቡን ገልብጬ ከኋላ ስከፍተው
ሌላ ዝርዝር አለ፣ ኮሚቴው ያላየው፤
ተሞክረው የተሸኙ። እዚያ፣ በእርሳስ፣
ረድዋን አሊዬ፤ ሦስት ዓመት መጥቶ፣ ሦስቴ የተባለ «ተመለስ»።

ቀኑ ትዝ ይለኛል። ማልያውን አለበስኩት፤
ጫፉ ጉልበቱ ላይ ደረሰ። «ይሄማ ቀሚስ ነው» አልኩት።
ኮሚቴው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ኳስ እንኳ አላስነኩትም።
ልጁም ሳቀ፣ ትንሽ።
ማልያውን አጥፎ በሁለት እጁ ሰጠኝ፤ ሄደ።

ሐረር ወሰደችው።
አምስት በር ያላት ከተማ ስድስተኛ በር አገኘች፣
ሲያሻው የሚዘጋ።

እሑድ እዚህ ነበር። ያንን የሳቢያን ፈጣን ልጅ
ዘጠና ደቂቃ ኪሱ ውስጥ ከቶት ዋለ፤
ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ፣ ተመለሰ፤
ሲያልቅም መጣ ከዕቃ ቤቱ ደጅ።
ላቡ አልደረቀም።
«ጋሼ፣ ያ ቀሚስ አለ?» አለኝ።

ነበረ። አወጣሁለት። ለበሰው።
ጫፉ ዛሬም ጉልበቱ ላይ ነው።
እኔ አልሳቅኩም። እሱ ሳቀ፣ ዛሬ ብዙ።

ሐሙስ ኮሚቴው ይቀመጣል።
ቁመቱ ሁለት ሜትር የሆነ አንድ ሰው አለ ይላሉ።
እኔ ዕቃ ጠባቂ ነኝ፤
እርሳሴን ቀርጬ፣
መዝገቡን ከኋላ ከፍቼ፣
በሩ ላይ እጠብቃለሁ።