እጥፋት

አባቴ ቶኩዞ፣ የኦታሩ ወደብ መስታወት ቆራጭ፣
ቃሉን አያጥፍም፤
እንደያዘው ዕቃ ነው፣ ይሰነጠቃል እንጂ
አይተጣጠፍም።

ሱቁን ጥዬ ሳፖሮ፣ ትምህርት የገባሁ 'ለት፣
«ደጅሽን ብረግጥ እግሬን ይቁረጠው» አለ፤
ስድስት ክረምት በረዶ ከጣራ ላይ ዋለ፣
እግሩም አልተቆረጠ፣ ቃሉም አልጎደለ።

እኔ ምድር ቤት፣
መጋረጃው በማይከፈት ክፍል፣
ከብልቃጥ ውስጥ መርፌ ሳበቅል፤
ክሪስታል ነው፣ ሽፋሽፍት የሚያህል፣
ሞለኪውል ከሞለኪውል ጋር
ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የቆመበት፣
እንደ ማለዳ ባቡር
መፈናፈኛ የሌለበት።

ወፍራሞቹ እንቢ አሉ።
ሐምራዊው መብራት ገና ሲነካቸው
እንደ ፌንጣ ዘለሉ፤
ስብርባሪያቸውን ከጠረጴዛ ስር በወረንጦ ለቀምኩ።
«ተሰበረ» ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፣
አርባ ሦስት ጊዜ።

በአርባ አራተኛው፣ ሳላይ፣ ከልምድ ብዛት፣
«ተ» ብዬ ጀመርኩና ቀና አልኩ።
ቀጭኑ ነበር።
ብርሃን የነካው ጎኑ ተለጠጠ፣
ጀርባው ባለበት ቆየ፤
መርፌው እንደ ለጋ ልምጭ
ወደ ጥላው ተለመጠ።
«ተ»ን አልሰረዝኳትም፣
የቀረውን ቀየርኩ።

በመጋቢት አባቴ መጣ።
«እናትሽ ጓንት ልካለች» አለ፣ ከደጃፉ ሳያልፍ፤
የቦቱን በረዶ አራገፈ፣
የሚራገፍ ሲያጣም አራገፈ።
ከዚያ ገባ።

ማይክሮስኮፑ ላይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጎነበሰ፣
የመስታወት ጠርዝ እንደሚያይ።
አበራሁ፤ ታጠፈ።
አጠፋሁ፤ በጨለማው ውስጥ ቀስ ብሎ ቀና።
«ስንቴ?»
«ሁለት ሺህ አልፏል።»
«ስንጥቅስ?»
«የለውም።»

ዝም አለ።
መስታወት የሚመረምረው በጆሮው ነው፤
በጥፍሩ ነካ አድርጎ፣ ገና ያልታየ ስንጥቅ የሚያደምጥ ሰው፣
«ሲታጠፍ ድምፅ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ።
እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ
ይህን አልጠየቅኩም።

ጆሮውን አስጠጋ፤
አውራ ጣቴ ማብሪያው ላይ፣
ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን።
ምንም አልተሰማም።
ቃሉን አጥፎ የቆመው ሽማግሌ
ጉልበቱ ብቻ አንዴ ቋ አለ፤
«እስቲ ድገሚው» አለኝ።